ምሳ በደራሲው ቤት

ባሳንቲ የበዓሉን መጽሔት ጮክ ብላ ስታነብ ሄማንጊኒ አጠገቧ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። ታሪኩ የትሪዲብ ሳንያል ነው። ሰውዬው ስሙንም ኑሮውንም ካልካታ መጥቶ ያገኘ፣ ሰው ማስለቀስ የተካነበት ደራሲ ነው። አንዲት ሙሽራ እናቷ ቤት የተወችው በቀቀን ናፍቋት ታለቅሳለች። ሙሽራው አጎበሩ ጀርባ ተደብቆ እንደ በቀቀን ይንጫጫላታል። በወሩ ጀልባው ይገለበጥና ወንዝ ይበላዋል።

ሰፌዱ ከሄማንጊኒ እጅ ወደቀ።

«ምነው እትዬ?» አለች ባሳንቲ፣ የወንድሟ ሚስት።

«የበቀቀኑን ነገር ከእኔና ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ባሏ ፓድማ ወንዝ ላይ ሰጠመ ሲባል ሄማንጊኒ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሬሳው አልተገኘም። አማቶቿ ግን ሬሳ አልጠበቁም፤ የባለትዳር ምልክት የሆነውን የዛጎል አምባሯን ሰብረው፣ ፀጉሯን ሸልተው፣ ጠርዝ የሌለው ነጭ የመበለት ሳሪ አልብሰው ማድ ቤት ጥግ ወሸቋት። በኋላ አገር ለሁለት ተከፈለ፣ መንደሩም ተበተነ። እሷ ካልካታ ወንድሟ ቤት ተጠጋች። በዚያ ነጭ ልብስ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ባሳንቲ ነገሩን በራሷ ቋጠረችው። «እንግዲያው ይሄ ሰውዬ ጀልባው ላይ አብሮት ነበራ!»

«አብሮት ነበር።»

«ታሪኩን ከራሱ አፍ ሰምቶ ነዋ! ከዚያ ማን ያውቃል፣ ገፍትሮት ቢሆንስ?»

«ባሌን የገደለው እሱ ነው» አለች ሄማንጊኒ። «ሰው በተሰበሰበበት፣ መሸሸጊያ በሌለው ቦታ አዋርደዋለሁ። ያንን ሳላይ አልሞትም።»

«ለፖሊስ እንናገር።»

«ፖሊስ ዕድሜዬን ይመልስልኛል?»

ታሪኩ ፊልም ሊሆን ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሄማንጊኒ ቶሊጋንጅ፣ ስቱዲዮው ድረስ ሄደች። ዳይሬክተሩ ዲሬን እሷን ሲያይ ሎተሪ የደረሰው ያህል ፈነደቀ። የፊልሙ ኮከብ ቻንድሪማ ባል የሞተባት ሴት ሁኚ ስትባል እንደ ንግሥት እየተንጎራደደች አሳሩን አብልታው ነበር። በማግስቱ ሄማንጊኒ የቻንድሪማ አስተማሪ ሆነች።

አረማመዱን፣ ሳሪውን ራስ ላይ መሳቡን፣ ሰው ፊት ጥርስ አለማሳየቱን አስጠናቻት። ለሙሽርነቷ ትዕይንትም ሚስት ከባሏ ሰሃን የተረፈውን እንደምትበላ አሳየቻት። አንድ ቀን ቻንድሪማ ወንዝ ዳር ቆማ የባሏን ስም እየጠራች ስትጮህ አስቆመቻት።

«ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ የኔ እመቤት። ቢሞትም አትጠራም። ዝም ብለሽ ጩኺ።»

«ድርሰቱ ላይ እኮ አለ!»

«ቢኖርስ? የጻፈው ወንድ ነው።»

ዲሬን ስሙን ከድርሰቱ ሰረዘው።

ቀረጻው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትሪዲብ ሳንያል ራሱ ስቱዲዮ መጣ። ወፍሯል፣ የወርቅ ሰዓት አስሯል፣ ከሩቅ በሚሰማ ድምፅ ይስቃል። ሄማንጊኒ ሳሪዋን እስከ አገጯ ስባ ከትልቁ መብራት ጀርባ ቆመች። ያን ሳቅ ከእነ ጉሮሮው ብትነቅለው በወደደች።

«ነይ ላስተዋውቅሽ» አላት ዲሬን።

«ዛሬ ይቅርብኝ ጋሼ። ያን ሰው እዚህ አላገኘውም።»

«ምን በደለሽ? ስሙ እንኳ ከአፍሽ አይወጣም! ለማንኛውም እሑድ ሁላችንንም ምሳ ጠርቶናል። እዚያ ትታረቃላችሁ።»

ሄማንጊኒ ሳሪዋ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች።

እሑድ ጠዋት ባሳንቲ በር ላይ ጠብቃ ቦርሳዋን በረበረች። መርዝ ወይም ቢላዋ ፈልጋ ነው። መሐረብ ብቻ አገኘች።

«እትዬ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ እጅሽን በደም እንዳትነክሪ።»

«በባዶ እጄ ነው የምሄደው። ባዶ እጅ ይበቃዋል።»

የትሪዲብ ቤት ባሊጋንጅ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ምንጣፍ ተነጥፎ ሃያ ሰው በሁለት ረድፍ ተቀምጧል። አሳታሚው አለ፣ ጋዜጠኞች አሉ፣ ከላይ ደግሞ የትሪዲብ አማት፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ማዕዱን ባርከው እንደሚያስጀምሩ አባት ተኮፍሰዋል። የትሪዲብ ሚስት ፀጉሯ መሐል የባለትዳር ቀይ ቀለሟን ደማቅ አድርጋ ታስተናግዳለች። ደግ ፊት አላት። ሄማንጊኒን ለአፍታ አንጀቷን በላቻት። ለአፍታ ብቻ።

እንግዶቹ መብላት ጀምረዋል። ሚስትየዋ ሄማንጊኒን በር ላይ ስታያት በአክብሮት ተጠጋቻት።

«እትዬ፣ እርስዎ ወዲያ ማዶ ይቀመጡልኝ። እዚህ ሁሉም ዓሣ ነው። ባል የሞተባት ሴት እስክትሞት ዓሣ እንደማትቀምስ አውቃለሁ፤ ለእርስዎ በንጹሕ ድስት አትክልት ለብቻ አሠርቻለሁ።»

«አምላክ ይስጥሽ» አለች ሄማንጊኒ። ወደ ማዶ ግን አልሄደችም። ረድፉን ተከትላ ሄዳ ትሪዲብ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳሪውን ከፊቷ ገለጠች።

የትሪዲብ ጉርሻ አፉ ሳይደርስ እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ ልጄ? እሾህ ነው?» አሉ ዳኛው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ፤ ጋዜጠኞቹም ማላመጥ አቆሙ።

ሄማንጊኒ የትሪዲብን ሰሃን ወደ ራሷ ሳበች፣ ከእሱ የተረፈውን ዓሣ ቆርሳ ጎረሰች፣ አላምጣ ዋጠችና ወደ ሴትዮዋ ቀና አለች፤ «አትክልቱን ባሏ ለሞተባት አቆዪላት፣ እህቴ።»