የበላቸው አልቅት

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ደሙን የሚያስመረምረው በሐኪም ሳይሆን ቤቱ በሚያኖረው በገዛ አልቅቱ ነበር። ማንጠግቦሽ የባሏ የአቶ በላቸው አልቅት ሲያብጥና ሲዝለገለግ ባየች ቁጥር ያቅለሸልሻታል። ባሏ ደግሞ ክንዱን ባጠባው ቁጥር አልቅቱ ያለበትን ብርጭቆ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ይተወዋል። «ኧረ ይህን ቀፋፊ ከማዕዴ ላይ አንሳልኝ!» ስትለው ኖራ፣ ባሏ በድንገት ሞተባት።

አርባው በወጣ ማግስት ሲስተር ፋንታዬ ከጤና ጣቢያ አልቅቱን ልትወስድ መጣች፤ ደንቡ ነው። ማንጠግቦሽ ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ፊቷን አዙራ አቀረበችላት።

«ውሰጅልኝ ልጄ፣ ገላገልሽኝ። ለመሆኑ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጨው ነስንሰን እንደፋዋለን፣ እትዬ።»

«ምነው እስካሁን እንዲህ እንዳበጠ ቆየ?»

«አልቅት የጠጣውን ደም ስድስት ወር ሆዱ ውስጥ ያቆየዋል። የጋሼ ደም እኮ ነው።»

ማንጠግቦሽ ብርጭቆውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እንግዲያው ሁሉንም አልቀበርነውማ።»

«እትዬ፣ ደንቡ...»

«ሞቶ አገኘሁት በይልኝ።»

ሲስተር ፋንታዬ ባዶ እጇን ወጣች። አልቅቱ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ተንፏቀቀ፤ ማንጠግቦሽን ማስታወክ አሰኛት። አፏን በነጠላዋ ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ብርጭቆውን ከስኳር ዕቃው አጠገብ መለሰችው።