የትንሹ ክፍል አልጋ

የስድስት ዓመት ሴት ልጃችንን ከቀበርን በሁለተኛው ወር፣ የባለቤቴ እህት "እባካችሁ ትንሽ አየር ቀይሩ" ብላ ከከተማ ራቅ ያለ ቪላ ተከራየችልን። በአያቶቻችን ዘመን ዘመናዊ የተባለ ቤት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ የሳሎኑ አንድ ጎን እንዳለ መስታወት፣ ሶፋዎቹ ዝቅ ያሉና እግረ ቀጫጭን። ሁለት መኝታ ክፍል አለው። የትንሹን በር አልከፈትነውም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን የሚጠብቁት ሴትዮ አንሶላ ይዘው መጡ።

"ሁለቱንም አልጋ ልቀይረው?"

"የተኛነው በአንዱ ብቻ ነው፣ እማማ።"

"ኧረ ትንሹም ተተኝቶበታል፣ ልጄ።"

ሄጄ አየሁት። ብርድ ልብሱ ወደ ግርጌ ተገፍቷል፤ ትራሱ መሃሉ ጎድጉዷል። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አነጠፈችው። በሁለተኛውም ጠዋት ተተኝቶበት አገኘነው፤ አሁንም አነጠፈችው።

በሦስተኛው ጠዋት ቁርስ ስንበላ፣ "ዛሬ አላነጠፍሽውም?" አልኳት።

ዳቦዋ ላይ ማር እየቀባች፣ "ገና አልተነሳችም" አለችኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባ ግን አልመጣልኝም። ከዚያ የትንሹ ክፍል በር ተከፈተና በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው ኮቴ ወደ እኛ መጣ። ተነስቼ ሦስተኛ ብርጭቆ አወጣሁ።