የሞተሩ ዳስ

«አጥፋው! አጥፋው ሽፈራው፣ ሊፈነዳ ነው!»

ባሌ ዘሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ጩኸቱ ይቆማል፤ ከሮቢ ወንዝ የሚስብልን ውሃም አብሮ ይቆማል። ዛሬ ይሄ ሦስተኛው ነው። ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ይግላል፣ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ እሪ ይላል!

ጎህ ሲቀድ የተከልነው የሽንኩርት ችግኝ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል። ሞተሩ የሦስት ቤት ነው። የእኛ ተራ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ዳግም የሚደርሰን ከአምስት ቀን በኋላ ነው። በዚህ በቀወት ፀሐይ አምስት ቀን ውሃ ያጣ ችግኝ ፍታት ብቻ ነው የሚቀረው።

«ዘይቱን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«የራዲያተሩን ውሃስ?»

«ሙሉ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ቡዳ በላው?»

ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ይገባና ውሃ በሚስበው ጎማ ጫፍ ያለውን ወንፊት ያወጣል። ንጹህ ነው። እሱ ግን ያጥበዋል። ተመልሶ ደግሞ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እንዲህ ሲንቀረፈፍ ደሜ ይፈላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ችግኙ እየሞተ ነው!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስጮህበት ዝም ነው፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለው?

ከእኛ ቀጥሎ ተረኛ የሆኑት ጋሼ ጀይላን ዶማቸውን ተሸክመው ቀደም ብለው ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው ሞተሩ ወዳለበት ዳስ አንገታቸውን ያስገባሉ፤ ወዲያው ያወጡታል። ዳሱ የእኔ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በማሽላ አገዳ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጌ አጥሬ፣ ላዩንም ትናንት ማታ ከድኜዋለሁ። ለበሬ ጥላ ሰጥቼ ሞተሩን ልንፈገው?

«ወላሂ ፋናዬ፣» ይላሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄ ሞተር ነው አራስ? እንዲህ ዘግታችሁ አፍናችሁት፤ የቀረው ገንፎ ብቻ ነው!»

ልስቅ ስል ሳቁ ይጠፋብኛል። እጄን በጠባቡ በር አስገባለሁ። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ውስጡ ግን እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ለካ ማራገቢያው የሚስበው ሞተሩ ራሱ የተፋውን ወበቅ ነው። ወይኔ! እኔው ነኝ!

ማጭዴን አነሳለሁ።

«ተይው እስቲ፣ ሌላ ነገር ልይ፣» ይላል ሽፈራው ክንዴን ሊይዝ እየመጣ። አልሰማውም። ገመዱን እበጥሳለሁ፣ አገዳውን እየጎተትኩ እጥላለሁ። ጋሼ ጀይላን ከወዲያ በኩል ይገፉልኛል። ጣሪያው ወንዙ ዳር ይወድቃል፤ ነፋስ ይገባል።

ሞተሩ ይነሳል። ሩብ ሰዓት ይሞላል፣ ግማሽ ሰዓት ይሞላል፤ ቀዩ መብራት አይበራም። ውሃው በየትልሙ እየተሳበ ችግኙን ያጠጣል። ደስ ይለኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ ባሌን አየዋለሁ።

«አውቀህ ነበር አይደል?»

ዶማውን ተደግፎ አንገቱን ይደፋል። «ሁለተኛ ሲጮህ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ አትናገርም? ችግኙ ቢያልቅ ኖሮስ?»

«እጅሽ ተላልጦ የሠራሽውን በምን አፌ አፍርሺው ልበልሽ? ሌላ ምክንያት ባገኝ ብዬ ነው ስፈልግ የዋልኩት።»

«ሞኝ!» እለዋለሁ።

ዶማውን ከእጁ ወስጄ ውሃውን ወደ መጨረሻው ትልም እመራለሁ። ገና አምስት ሰዓት ተኩል አልሆነም። ዞር ስል ሽፈራው ጎንበስ ብሎ የበታተንኩትን አገዳ ይለቅማል፤ አንዱም እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ።