የሐምሌ ገብርኤል በረዶ

ከሐምሌ ገብርኤል በኋላ፣ ገና ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ ከገነተ ማርያም በላይ ያለውን ስንዴ በረዶ ወቃው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነበር፤ በዓሉን የሻረ ሰው አለ። የቀረው ማንነቱን ማወቅ ብቻ ነው።

ፈንታው ያውቅ ነበር።

የግብርና ባለሙያዋ ምሥራቅ በክረምቱ መግቢያ ሁለት ማሳ መርጣለች፤ የፈንታውንና የሰበካው ሰብሳቢ የአያ ዘውገን። ማዳበሪያ እርጥብ መሬት ላይ በአንዴ ሲበተን ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ አየሩን ያግላል አለች። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ ከሥሩ ተደርጎ አፈር ይልበስ። ማሳዎቹ ላይ ነጫጭ ባልዲ ደፋች። ማዳበሪያ ሲገባ መሬቱ ይተነፍሳል፤ ባልዲው ትንፋሹን ይይዛል፤ እሷ ቀን በቀን በመሣሪያ ትለካዋለች።

«የመጨረሻው ዙር ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ዶፍ ይመጣል» አለችው ፈንታውን።

«ገብርኤል ነው እኮ፣ እህቴ!»

«ዝናቡ በዓል ይጠብቃል እንዴ?»

በዕለቱ ፈንታው ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ሚስቱን ብርቅዬን «ሰው ሳያይሽ ጨርሺው» አላት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው እሳቱን ቆሰቆሰች። እሱም ቅዳሴውን በቅጡ አልሰማም፤ ዓይኑ በር በሩን ያይ ነበር። አርፋጁ ሁሉ፣ አያ ዘውገ ሳይቀሩ፣ የእግሩን ጭቃ እየታጠበ ሲገባ፣ «አይተዋት ይሆን?» እያለ ሲሳቀቅ ዋለ።

በረዶው ሲወርድ ግን የሰዉ ጥርጣሬ ጎረቤታቸው ደሳለ ላይ ወደቀ። በበዓሉ ጠዋት ዶማ ይዞ ታይቷል።

«ጎርፍ ቤቴን ሊወስደው ሲል ውሃ መለስሁ እንጂ መቼ እርሻ ነካሁ!» ቢል ማን ይስማው። ሰላምታ ነሱት፤ ወንፈል ከለከሉት። ሚስቱ ስትታመም ቃሬዛ የሚሸከም ጠፋ፤ አዝሏት ወረደ። ፈንታው ከደጁ ሆኖ አያቸው። ሊያግዝ ወጣ አለና መልሶ ገባ።

ደሳለን ከማኅበሩ የማስወጣቱን ፍርድ አያ ዘውገ ሁለት ጊዜ አሳደሩት። «ሰውን ከሰው መለየት ቀላል አይደለም፣ ልጆቼ፤ እንታገሥ» አሉ። የሽማግሌ ወጉ ነውና ተመሰገኑ።

ፍልሰታ ሳይገባ ግን ነገሩ መቆረጥ ነበረበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ምሥራቅም የልኬቷን ውጤት ልትነግር መጥታ ዳር ቆማለች። ደሳለ ፍርዱን ሊቀበል ሲነሣ ፈንታው መሬት ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ! ሚስቴን በገብርኤል ቀን ማሳ የሰደድሁ፣ በረዶውን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ። ደሳለ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ ማረኝ!»

ከሴቶቹ በኩል ብርቅዬ ብድግ አለች።

«ኧረ ወዲያ! ምን ያስቀባጥረዋል? እኔ በገብርኤል አፈር ልነካ? በማግስቱ ነው ያደረግሁት። እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

ለባሏ የምትዋሽ መሰላቸው፤ ማንም አላመናትም። አያ ዘውገ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«በቃ፤ ሰውየው በአፉ ተናግሯል። እሱ ከማኅበሩ ይውጣና እንበተን» አሉ።

ምሥራቅ ፈገግ ብላ እጇን አወጣች።

«እውነቷን ነው፤ የፈንታው ማሳ የተነፈሰው በማግስቱ ነው። ባልኋችሁ ቀን፣ በዐሥራ ዘጠኙ፣ ማዳበሪያውን ያስገቡልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አያ ዘውገ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»