የጀሪካኑ ገመድ

ውሃ አራተኛ ፎቅ መድረስ ካቆመ ጀምሮ ጥሩወርቅ በየጠዋቱ ከበረንዳዋ ገመድ ትለቃለች። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ውድነሽ ከቧንቧቸው የሞሉትን ጀሪካን ያስሩላታል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከቤት የሚያወጣቸው ይኸው ገመድ ብቻ ነው።

«ሳቢ እንጂ! ቁርስ አልበላሽም?»

«ድንጋይ ጨምረውበት ነው እንጂ ውሃ እንዲህ አይከብድም!»

«አፍሽ ላይ ያለው ጉልበት ምናለ ክንድሽ ላይ ቢሆን!»

ዛሬም ጀሪካኑ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ሲሳሳቁ፣ የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ።

«ኧረ ጥሩወርቅ፣ ቧንቧሽን ከፍተሽ ረስተሻል መሰለኝ! ውሃው በኮርኒሳችን እየወረደ ነው!»

ጥሩወርቅ ገመዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ውድነሽ ጎረቤቱን ገላመጡትና ወደ እሷ ቀና አሉ።

«ምን ይገትርሻል? ሳቢ እንጂ!»