ማሙሸት ያለቅስልሻል

የትርንጎ አባት ባረፉ ዕለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ለወንበሯ ለስላሳ ትራስ ይዘውላት መጡ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። በአዲሱ ሕግ የሠራተኛ ሐዘን የመሥሪያ ቤቱ ነው። የሥራ ፍላጎትሽ እንዳይቀዘቅዝ ማሙሸት ያለቅስልሻል።»

ማሙሸት የሠራተኛ ድጋፍ ክፍል ባልደረባ ነው። ትርንጎ ስለ አባቷ የሞላችውን ቅጽ ተቀብሎ ወደ ቤቷ ሄደ፤ አባቷንም እሱው ቀበረላት። እሷ ፋብሪካ ውስጥ እንባዋ በመጣ ቁጥር ባልደረቦቿ እንድትውጠው ከበው ያጨበጭቡላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። ማሙሸት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ደረቱን ይደቃል።

«የጫማዬን ክር አስሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ አባቴ!»

ትርንጎ ቅጹ ላይ በእጇ የጻፈችው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ደግፈው ውኃ አጠጡት፤ በስንት ልመና ዝም አለ።

ያኔ ትርንጎ «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

አክስቷ ተስፈንጥራ አፏን ያዘቻት።

«ምነው ትርንጎ! ስንት ደክመን ያረጋጋነውን ልጅ መልሰሽ ልታስለቅሺብን ነው?»