«ይቆዩ»

በዚያ ዘመን ሕጉ ጥብቅ ነበር። ቤት ተኝቶ የሚታከም ሰው መድኃኒቱ በደም ሥሩ የሚገባለት፣ የቤቱ ባለቤት በየማለዳው ነርስ በያዘችው መሣሪያ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ «ይቆይ» ሲል ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ዘርትሁን ድሮ ሰፈሩ በምላሳቸው የሚፈራቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ቤቱ የምራታቸው የምንትዋብ ሆነ። ስለዚህ ታመው ከተኙ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ያቀረበችላቸውን ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ዋጡ።

ዛሬ ሲስተር ሐረገወይን መርፌውን ሰክታ ስትጠብቅ፣ ምንትዋብ ያልተነካውን ወጥ አየችና «ጨው በዛብዎት እንዴ?» አለች በፌዝ።

አሮጊቷን አንገሸገሻቸው። «ሆን ብለሽ ነው የቆለልሽበት! ልጄንም እንዲሁ አቃጥለሽ ነው የገደልሽው!»

ነርሷ ደነገጠች። «እማማ፣ ኧረ ይቅርታ ይበሏት! እሷ ካልፈቀደች መድኃኒቱን መክፈት አልችልም፤ ያለ እሱ ደግሞ አያድሩም።»

«አልልም!»

ምንትዋብ አውራ ጣቷን ከመሣሪያው በላይ እንዳንጠለጠለች ብዙ ቆየች። ከዚያ ተጫነችው።

«ይቆዩ። እንዲህ በቀላሉማ አይገላገሉኝም።»

መድኃኒቱ ክንዳቸውን እያቀዘቀዘ ገባ። ወይዘሮ ዘርትሁን ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመሰግኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።